ለደምሴ ያሠራሁት ገጽ

ሰኞ፣ ጥር 16

አታሳምሪው ብያለሁ። እንደ ወጣ ጻፊው።

የምትጽፈው ልጄ ዝናሽ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። አርባ ዓመት ገደማ ሰው ሳስታርቅ አንድም ሰው ቃልህን በወረቀት አስፍር ብሎኝ አያውቅም።

ደብተሩ የመጣው በእሷ ምክንያት ነው። እዚህ ንፋስ መውጫ ከሰዓት በኋላ ለአዋቂዎች ኮምፒውተር ታስተምራለች። የዚህ ሳምንት ትምህርት የራስን ድረ ገጽ መሥራት ነው፤ ለጀማሪ። እናቷ ከሞተች ወዲህ ከሲማዳ፣ ከኮሶ ሜዳ አምጥታ ቤቷ አስቀምጣኛለች። ግድግዳ ሳይ ከምውል ብዬ አብሬያት እሄዳለሁ፣ ከፊት እቀመጣለሁ። ዛሬ ተማሪዎቹን "ማሽኑን ከመንካታችሁ በፊት ደብተር ያዙ፤ ሰው ስለ እናንተ ምን እንዲያይ እንደምትፈልጉ ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ጻፉ" አለቻቸው። ወደ እኔ ዞራ ደግሞ "አባቴ፣ እርስዎም አንድ ገጽ ይኑርዎት" አለችኝ። እሺ አልኋት። ለምን አይኖረኝም?

ከትምህርቱ የያዝኩት ይኸን ነው፦

ገጹን ማን እንዲያየው እንደምትሠራው አስቀድመህ ወስን።
አንድ ገጽ ለአንድ ነገር። ያለህን ሁሉ አትከምርበት።
ስለ ራስህ ስትጽፍ አጭርና እውነት ይሁን።

ሦስተኛውን ስትናገር ከጎኔ የተቀመጡት መሪጌታ ልሳኑ "አጭርም እውነትም ይሁን ከተባለማ የእኔ ገጽ ባዶ መቅረቱ ነው" አሉ። ክፍሉ ሳቀ። መሪጌታ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ቅኔያቸውን ለዓለም ሊያሳዩ ነው የመጡ።

ከዚያ ዝናሽ ምሳሌ ይሁናችሁ ብላ የእኔን ጀመረች። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ቁልፎቹን ትመታለች፣ ጽሑፉ ግድግዳው ላይ ተለቅ ብሎ ይወጣል። ሲያልቅ ጮክ ብላ አነበበችው። "ተገኘ ካሳ። የኮሶ ሜዳ ማርያም ገበሬ። ገብስና ባቄላ አምራች። በሰባት ደብር የታመነ ሽማግሌ። በሰው ላይ በሐሰት ተናግሮ አያውቅም።"

አጨበጨቡ።

የተናገርኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም፤ አፌ ለምዶት ነው የወጣው። ግን ግድግዳ ላይ ተጽፎ በልጄ ድምፅ ሲነበብ ተነሥቼ ወጣሁ። ፀሐይ ልሙቅ ብዬ ነው አልኋቸው።

እሱም ሐሰት ነው።

ማክሰኞ፣ ጥር 17

ጠዋት ዝናሽን "የመጨረሻዋን መስመር አጥፊያት" አልኋት።

"ለምን? ያማረችው እሷ ናት።"

"አጥፊያት አልኩሽ።"

አንዲት ቁልፍ ተጫነች፤ መስመሯ ጠፋች። ይኸን ያህል ቀላል ነው? ተናደድኩ። ምን እንዳናደደኝ እሷ ምን ታውቃለች! "ምን ሆነዋል፣ አባቴ?" አለችኝ። ነገርኋት። አሁን ደግሜ እነግራታለሁ፣ ትጽፈው።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ያኔ ከብት ሲሰረቅ አገሩ ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ሌባው እስኪታወቅ ማንም ቤቱ አይገባም። አውጫጭኝ ይባላል። ሕዝቡ ከመሀሉ የሚያምናቸውን ሰዎች ይመርጣል፤ እነዚያ ወፍ ይባላሉ። ወፍ ያየውን የሰማውን ለዳኛው በጆሮው ይነግረዋል። ማን እንደ ተናገረ አይወጣም፤ ቄሱም እውነት የሚደብቀውን ይገዝታሉ። እኔ ሠላሳ ዓመቴ ገደማ ነበር። ከወፎቹ አንዱ ሆኜ ተመረጥኩ። ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

የጠፋው የቄሰ ገበዙ ቦቃ በሬ ነው። ወሩ የኅዳር መግቢያ። ገብሴ ደርሶ ማሳ ላይ ቆሟል፤ ከወደ ምሥራቅ የበረዶ ደመና ይከመራል። አንድ ቀን ተቀመጥን። ሁለት ቀን። ሦስት ቀን። የሚናገር የለም። እኔ ደመናውን አያለሁ፣ ገብሴን አያለሁ። በሦስተኛው ቀን ለዳኛው "ደምሴ ነው" አልኩት።

ደምሴን አላየሁትም። ያየሁት፣ በሬው በጠፋ ዕለት ጀንበር ስትጠልቅ ጥቁር ደበሎ የለበሰ ሰው ከብት ሲነዳ ነው። ጀርባውን። ከሩቅ። ደምሴ ጥቁር ደበሎ ነበረው። የአገሩ ግማሽም ጥቁር ደበሎ ነበረው።

በዚያው ቀን ተፈታን። ገብሴን አጨድኩ። በረዶውም አልወረደ።

ደምሴ ምሎ ተገዝቶ ካደ። ያመነው የለም። ሁለቱንም በሬዎቹን ለካሣ ነዱበት። ሚስቱን ምንጭ ወርዳ ውኃ ስትቀዳ "የሌባ ሚስት" አሏት። ዓመት ሳይሞላው መሬቱን ጥሎ ወገዳ ከተማ ገባ፤ ልብስ ሰፊ ሆነ።

ከሁለት ዓመት በኋላ አህያ ልገዛ የበሽሎን ወንዝ ተሻገርኩ። ከመንገዱ ዳር አንድ ገበሬ ያርሳል። ከጥማዱ አንደኛው ቦቃው በሬ ነው። ግራ ቀንዱ ወደ ዓይኑ የታጠፈ፤ አልስተውም። ከየት አመጣኸው አልኩት። ሰውየው ተንኮል የለውም፤ "ከአንድ የዚህ አገር ሰው ገዛሁት። ከማዶ ሰርቄ ያመጣሁት ነው እያለ ሲኩራራ ኋላ ሰማን፤ አሁን በሌላ ስርቆት ታስሯል" አለኝ። ጥቁር ደበሎ ይለብስ ነበር ወይ አልኩት። "እንዴት አወቅህ?" አለኝ።

አህያም ሳልገዛ ተመለስኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ያን ዓመት ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ለዕርቅ የጠሩኝ። ደስ አለኝና ሄድኩ።

ዝናሽ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ጻፊ አልኋት። "እናቴ ታውቅ ነበር?" አለች። አታውቅም። እሱንም ጻፊ።

ረቡዕ፣ ጥር 18

ደምሴ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። ቀብሩ አልሄድኩም። እግሬን አሞኛል አልኩ። እግሬ ደህና ነበር።

ጠዋት ዝናሽን "የደምሴን ነገር ገጼ ላይ አውጪልኝ" አልኋት።

"አባቴ፣ ዓለም ሁሉ ነው የሚያየው!"

"ይየው። ተገኘ ሰው ፈርቶ አያውቅም።"

ይኸን ስል ደረቴን ነፍቼ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ግን ሳስበው አፈርኩ። ዓለም ምን ያስፈራል? ዓለም ኮሶ ሜዳን አያውቅም። ከገጹ ማዶ ያለ ሰው ዓይን ዓይኔን አያየኝም። እንዲህ ባለ ቦታ መናገር ድፍረት አይደለም። ሳልታይ ለዳኛው ጆሮ እንደ ነገርኩት ነው፤ ዘዴው ያው የወፍ ነው።

ከሰዓት ክፍል ገባን። የዛሬው፦

ፎቶ አንድ ይበቃል፤ ከበዛ ገጹ ሲከፈት ይዘገያል።
ለመልክ ብለህ ቀለም አታብዛ፤ ሰው ማንበብ ያቅተዋል።
የሌላ ሰው ስም ወይም ፎቶ ከማውጣትህ በፊት ባለቤቱን ጠይቅ። ከሞተ ቤተ ሰቡን።

የመጨረሻውን ስትናገር ዝናሽ ተማሪዎቹን አላየችም። እኔን ነው ያየችኝ።

ስንወጣ መሪጌታን ለብቻቸው ያዝኋቸውና "አንድ የማውቀው ሰው ድሮ ወፍ ነበር። በሐሰት ተናገረ። ምሥጢሩን ቢያወጣ ኃጢአት ይሆንበታል?" አልኋቸው።

"የሚያውቁት ሰው ዕድሜው ስንት ነው?"

"የእኔ እኩያ ነው።"

"እንግዲያስ እንዲህ ይበሉት" አሉ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። "ግዝቱ የወረደው እውነት በደበቀው ላይ ነው እንጂ ባወጣው ላይ አይደለም። ደግሞ ይፍጠን ይበሉት። በእርስዎ ዕድሜ ያለ ሰው ቀጠሮ አያበዛም።"

አልሳቁም። እኔም አልሳቅኩም።

የደምሴ ሚስት በሕይወት አለች። ወገዳ ናት፤ መንኩሳለች፤ እማሆይ ጥሩወርቅ ይሏታል። ነገ እንሄዳለን። ዝናሽ አስፈቅዳለች።

ሐሙስ፣ ጥር 19

መንገዱ አቧራ ነው፤ ወገቤን ሰበረኝ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ዶሮ ይዛ ነበር፤ ዶሮዋ እስከ ወገዳ ስታየኝ ነው የዋለች። እንዲህ ያለ ነገር ዛሬ አስተዋልኩ፣ ምን እንደ ነካኝ እንጃ።

እማሆይ ከቤታቸው ደጃፍ ሰፌድ ይዘው ምስር ይለቅማሉ።

"እማሆይ፣ ተገኘ ነኝ። የኮሶ ሜዳው።"

"አየሁዎት፣ አያ ተገኘ። ዓይኔ ደከመ እንጂ አልጠፋም። አርባ ዓመት ደጃፌን አያውቁትም ነበር፤ ዛሬ ምን ጠፋብዎት?"

በመኪና ላይ ብዙ ቃል አዘጋጅቼ ነበር። ሁሉም ጠፋብኝ። "ወፉ እኔ ነበርኩ" አልኋቸው። "ደምሴን አላየሁትም። በሬውን የሰረቀው ሌላ ሰው ነው። ካወቅሁ ብዙ ዘመኔ ነው።"

እጃቸው ምስሩ ላይ ቆመ። ቀና አላሉም።

"ደምሴ ያውቅ ነበር" አሉ። "ከሜዳው ስንፈታ ሰው ሁሉ ዞሮ እሱን ያያል። አንተ ብቻ ዞረህ ገብስህን አየህ። ቤት ስንገባ 'ተገኘ ነው' አለኝ።"

አንቱ ማለቱ የት እንደ ሄደ አላወቅሁም። አልተቀየምኩም። እንዲያውም አንተ ሲሉኝ ቀለለኝ።

"ታዲያ ለምን ዝም አለ?"

"ወፍን ማን ይከስሳል? ደግሞ 'ይመጣል' ይለኝ ነበር። 'ተገኘ ችኩል ነው እንጂ ክፉ አይደለም፤ ይመጣል' ይለኛል። ስንት ፋሲካ እንደ ጠበቀህ ታውቃለህ? ጥላ በበሩ ባለፈ ቁጥር ከስፌት መኪናው ቀና ይላል። ለሱሪ የመጣ ሰው ይሆናል።"

እሳቸው ወደ ምስራቸው ተመለሱ።

ዝናሽ ናት የተናገረችው። ስለ ገጹ አስረዳቻቸው፤ የደምሴን ስም ለማውጣት ፈቃድ ጠየቀች።

"ማን ነው የሚያየው?" አሉ።

"ዓለም ሁሉ፣ እማሆይ።"

"ዓለም ሌባ ብሎት ያውቃል?" ሰፌዱን መሬት አስቀመጡት። "ሌባ ያለው ኮሶ ሜዳ ነው። መጀመሪያ በተናገረበት ቦታ ይናገር፤ በጆሮ ሳይሆን ቆሞ። ከነገ ወዲያ አስተርዮ ማርያም ናት፤ አገሩ ሁሉ ይሰበሰባል። ከዚያ በኋላ ማሽናችሁ ላይ ጻፉ።"

ማን እንዲያየው እንደምትሠራው አስቀድመህ ወስን። ሰኞ ዝናሽ ያለችው ነው። እማሆይ ክፍል ሳይገቡ አወቁት።

ዓርብ፣ ጥር 20

ወገዳ የእናቴ ወንድም ልጅ ቤት አደርን። ምን አመጣህ ቢለኝ ለማርያም ነው አልኩት። ይኸኛው ግማሽ እውነት ነው።

ጠዋት የንፋስ መውጫው መኪና ጥሩምባውን ሲነፋ ሰማሁ። ብትሬን አነሣሁ። እስከ አጥሩ በር ደረስኩ። ዝናሽ ከኋላዬ ቆማ አንድ ቃል አልተናገረችም። ብትናገር ኖሮ እሄድ ነበር፤ እልኸኛ ነኝ። መኪናው ሄደ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ነገ የምናገረውን አስጻፍኋት። ሁለት ገጽ ሙሉ ሆነ። መልሳ አነበበችልኝ፤ በጆሮዬ ሲገባ አላማረኝም።

"እንደ ድረ ገጹ እናድርገው" አለች። "አንድ ገጽ ለአንድ ነገር። ነገሩ ምንድን ነው?"

"ደምሴ ሌባ አይደለም።"

"ገብሱ ለምን ገባ?"

"ደርሶ ነበራ! በረዶ ሊመታው ነው!"

"እሱ የደምሴ ነገር ነው ወይስ የእርስዎ?"

ሰደብኋት። ከዚያ አውጪው አልኋት። ገብሱ ወጣ። ደመናው ወጣ። ሦስት ቀን መቀመጣችን ወጣ። ሌሎቹም ወፎች ዝም ማለታቸው ወጣ። ያኔ ዕድሜዬ ትንሽ ነበር የሚለውም ወጣ፤ ሠላሳ ዓመት ትንሽ ነው እንዴ? የቀረው አራት ዓረፍተ ነገር ነው። ራቁቴን የቆምኩ መሰለኝ።

ከሰዓት ዝናሽ ብቻዋን እማሆይ ዘንድ ሄደች። የደምሴን ፎቶ አሳይተዋታል፤ ከስፌት መኪናው ኋላ ተቀምጦ፣ ሜትር አንገቱ ላይ አድርጎ። በስልኳ አነሣችው። እኔንም ላሳይዎት አለችኝ። ነገ አልኋት።

ቅዳሜ፣ ጥር 21

ኮሶ ሜዳ በበቅሎ ወጣን። እማሆይም በሌላ በቅሎ ከፊት ከፊት። በመንገድ አላነጋገሩኝም።

ቅዳሴ ሲያልቅ ሕዝቡ አውጫጭኝ በዋልንበት ሜዳ ላይ ተቀመጠ። የኮሶው ዛፍ ተቆርጧል፤ ጉቶው ግን አለ። ዳኛው ተቀምጦበት የነበረው እዚያ ነው። ቄሱ "አያ ተገኘ ቃል አለው" አሉ። ሰው ደስ አለው፤ ዕርቅ የማወርድ መስሎት። ምርቃት ሊቀበል የተዘጋጀም ነበር።

እንዲህ አልኩ፦ "በአውጫጭኝ ደምሴን የጠቆምኩት ወፍ እኔ ነኝ። ደምሴን አላየሁትም። በሬውን የሰረቀው የበሽሎ ማዶ ሰው እንደ ሆነ ካወቅሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ደምሴ ሌባ አይደለም፤ ሐሰተኛው እኔ ነኝ።"

አራት ነው። ቁጠሪው።

ከመሀል አንድ ጎረምሳ ድምፅ "ደምሴ ማነው?" ሲል ሰማሁ። ከሁሉም ያ ወጋኝ። ያን ቀን ሜዳው ላይ ከዋሉት የቀረነው አምስት ብንሆን ነው። ይሰሙኝ የነበሩት መቃብር ውስጥ ናቸው፤ እነሱ ደምሴን ሌባ እንዳሉት ሞቱ። እንዲሞቱ የጠበቅሁ ይመስላል። ጠብቄስ እንደ ሆነ? አላውቅም።

አድማሱ ተነሣ። የድሮ ባልንጀራዬ ነው። "ተገኘ፣ እኔን ከወንድሜ ያስታረቅኸኝ አንተ ነህ። በቃልህ አምኜ ነው መሬቱን የለቀቅሁለት። አሁን እሱንም ላፍርሰው?" አለኝ። አንዳንዱ ሳቀ። የእኔን ስም አፍርስ፣ የወንድምህን ዕርቅ ተወው አልኩት። አላጠገበውም፤ ተቀመጠ።

ያኔ እማሆይ ጥሩወርቅ ተነሡ። ድምፃቸው ቀጭን ነው፣ ግን ደረሰ።

"ደምሴ ማነው ያልከው ልጅ፣ ደምሴ ባሌ ነው። ሰማችሁ?"

"ሰማን" አሉ።

"ሁላችሁም ሰማችሁ?"

"ሰማን!"

በቅሏቸውን አስመጥተው ተቀመጡና ሄዱ። አላዩኝም። ይቅር ይበሉኝ ብዬ ልጠይቃቸው ነበር፤ በቅሎዋ ፈጥና ነው ወይስ እኔ ዘግይቼ፣ አልደረስኩባቸውም። ቄሱ ስለ ንስሐው በሌላ ቀን እንነጋገራለን አሉኝ።

እሑድ፣ ጥር 22

ተመለስን። ደክሞኛል።

ዝናሽ "አሁንስ ቀለል አለዎት?" አለችኝ። አላለኝም። እውነቱን ጻፊ፤ የታመነ ሽማግሌ መባሉ ቀረብኝ፣ እሱ ይቆጨኛል። የደምሴ አርባ ዓመት እያለ የእኔ ስም ይቆጨኛል። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ፎቶውን አየሁት። ያው ደምሴ ነው፤ ፀጉሩ ሸብቷል። ወደ በሩ ነው የሚያየው። ፎቶ አንሺው በር ላይ ቆሞ ይሆናል፣ አውቃለሁ።

ሰኞ፣ ጥር 23

ከሰዓት በፊት መብራት አልነበረም። ከሰዓት መጣ። የኢንተርኔቱ መስመር እንዳይጠፋ ዝናሽ በጥድፊያ ሠራች።

"ስለ እኔ" የሚለው ከገጹ ተሰረዘ። ገብስና ባቄላው፣ ሰባቱ ደብር፣ ሁሉም ተሰረዘ። አንድ ፎቶ፣ ከሥሩ ይኸ ጽሑፍ፦ "ደምሴ አለሙ። የኮሶ ሜዳ ተወላጅ። ወገዳ ልብስ ሰፊ ነበር። ሌባ ተብሎ ካገሩ ወጣ፤ ሌባ አልነበረም።"

ዝናሽ "በግርጌው የገጹን ሠሪ ስም ማስቀመጥ ልማድ ነው። ይቅር ወይስ ይግባ?" አለችኝ። ይግባ አልኋት። እንዲህ ብዬ አስጻፍኋት፦ "ይህን ገጽ ያሠራው ተገኘ ካሳ ነው። የደምሴን ስም ያጠፋውም እሱ ነው።"

ሌላው የተማርኩት፦ ገጹን ከመልቀቅህ በፊት ሌላ ሰው ያንብብልህ። መሪጌታ አነበቡልኝ። ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ይቀልዳሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ አልቀለዱም። "አጭር ነው" አሉ ብቻ።

ዝናሽ ለቀቀችው። ጎብኚ የሚቆጥር ነገር ከታች አለው። አራት ይላል። ሦስቱ እኛው ነን።

የደምሴ ስም የትኛው ነው አልኋት። ጣቴን ይዛ የማሽኑ መስታወት ላይ አስቀመጠችው። ሦስት ፊደል ነው። የመጀመሪያው ሁለት እግር አለው። አሁን ከመሀል ለይቼ አውቀዋለሁ፤ የራሴን ገና ነኝ።

ወደ ማታ ስልክ ተደወለ። የእማሆይ የልጅ ልጅ ናት፣ ባሕር ዳር ትማራለች፤ ዝናሽ ዓርብ ስልክ ቁጥሯን ከእማሆይ ወስዳ ዛሬ የገጹን አድራሻ ልካላታለች። አራተኛዋ ጎብኚ እሷ ኖራለች። ገጹን ከፍታ ለአያቷ በስልክ አንብባላቸዋለች። ዝናሽ እህ እህ እያለች ትሰማለች፤ እኔ ፊቷን አያለሁ።

ስትዘጋ "ምን አሉ?" አልኋት።

"ፎቶው ዘንበል ብሏል ብላ ነግራቸዋለች። አቃኑት፣ ደምሴ የተጣመመ ነገር አይወድም ነበር፣ አሉ።"

ወዲያው ተነሥታ አቃናችው። ከጎኗ ቆሜ አየሁ። አሁን ቀጥ ብሏል።

"ሌላስ? ስለ እኔ ያሉት ነገር አለ?"

"የለም፣ አባቴ።"

የለም ብለሽ ጻፊ።